«ተራ ሰው» የተባለው መለኪያ



የዝግጅት ክፍሉ ስለ መለኪያዎች እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ስለ ግፊትና ስለ ሙቀት መለኪያ እንደማወራ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የመረጥሁት የሕግ ሰዎች ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት የኖሩትን አንድ መለኪያ ነው። ስሙም «ተራ ሰው» ይባላል። ይህ መለኪያ ተመሳሳይ ጾታን በሚያፈቅሩ ሰዎች ሞት ላይ እንዴት ይነበብ እንደ ነበረና እንዲታረም ስለ ተሰማው ጥሪ ጥቂት ልበል።

የእንግሊዝን ሕግ በወረሱ አገሮች፣ ገድሎ የተከሰሰ ሰው «ሟቹ ተንኩሶኝ ራሴን መግዛት አቃተኝ» ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር። ክርክሩ ቢሠምርለት በነጻ አይለቀቅም፤ ወንጀሉ ግን ሆን ተብሎ ከተፈጸመ ግድያ ወደ ቀላል የሰው ግድያ ይወርድለታል። ከሕዝብ መካከል የተመረጡ ፈራጆች የሚጠየቁት «በእርሱ ቦታ የነበረ ተራ ሰው ራሱን መግዛት ሊያቅተው ይችል ነበርን?» ተብለው ነው። ሐሳቡ ከመነሻው ክፉ አልነበረም፤ የሰውን ድካም ያገናዘበ ነው። ችግሩ የመጣው ሟቹ ያደረገው ነገር ቢኖር ገዳዩን በፍቅር መፈለጉን መግለጹ ብቻ በሆነባቸው መዝገቦች ነው። ያልመታ፣ ያላስፈራራ ሰው ተገድሎ ሳለ ምርመራው ወደ እርሱ ይዞራል። ምን ብሎ ተናገረ? እጁን የት አሳረፈ? በችሎቱ ውስጥ መልስ ሊሰጥ የማይችለው ደግሞ እርሱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ከኒው ሳውዝ ዌልስ እንዲህ ያለ ጉዳይ በይግባኝ ለአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። አብላጫዎቹ ዳኞች የተከሳሹ የቤተሰብ ታሪክ በትንኮሳው ክርክር ውስጥ ሊታይ ይገባው ነበር ብለው ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ አዘዙ። በልዩነት ከቆሙት አንዱ ዳኛ ማይክል ከርቢ ነበሩ። ከሙግታቸው እኔን የያዘኝ ይህ ነው፦ ያልፈለገችው ወንድ በቀስታ የቀረባት ሴት ሁሉ ገድላ በዚህ መከራከሪያ ብትመጣ ሕጉ እንዴት ይሸከመው ነበር?

እዚህ ላይ መሐንዲስ ዝም ማለት ይቸግረዋል። የግፊት መለኪያን ትክክለኛነት የምናረጋግጠው በሌላ፣ በታመነ መለኪያ ነው። «ተራ ሰው» ግን የሚቀዳው ከፈራጆቹ የዕለት ስሜት ከሆነ፣ በዚያ አገር ጥላቻው በሰፋ መጠን የግድያው ክብደት ይቀንሳል። መለኪያው የተበላሸ መሆኑ እንኳ አይታወቅም፤ ሁልጊዜ ከባለቤቱ ጋር ይስማማልና።

ጥሪው ከየት እንደ መጣ ማየት ይጠቅማል። በኩዊንስላንድ፣ በሜሪቦሮ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ሰው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተደብድቦ ሞተ። ከሞቱም ጋር ተያይዞ የዚህ መከራከሪያ ነገር ተነሣ። የደብሩ ካህን አባ ፖል ኬሊ ሕጉ እንዲሻር ፊርማ ማሰባሰብ ያዙ፤ ፊርማውም ከ200 ሺህ በላይ ደረሰ። ካህኑ የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርት አልቀየሩም፤ የጠየቁት በግቢያቸው የወደቀ ሰው ሞት እንደ ማንኛውም ሰው ሞት እንዲቆጠር ነው። ሕጉ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ከአውስትራሊያ ክፍላተ ሀገር የመጨረሻዋ ደቡብ አውስትራሊያ በ2020 ተከተለች።

ተቃውሞው ከንቱ አልነበረም። ለዓመታት በባሏ ስትደበደብ ኖራ የገደለች ሴት ይኸው መከራከሪያ ቢነሣባት ምን ይውጣታል? ኒው ዚላንድ በ2009 የትንኮሳን መከራከሪያ ፈጽማ ሰረዘች። በኩዊንስላንድ ግን ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያ የዕድሜ ልክ እስራትን በግዴታ ያስከትላል፤ ስለዚህ መከራከሪያው ቀረ፤ ያልተፈለገ የፍቅር ጥያቄ ብቻ፣ ከልዩ ሁኔታ በቀር፣ ከውስጡ ወጣ። ለእኔ ይህ የተሻለው ሥራ ይመስለኛል፤ የሚያፈስሰውን ቧንቧ ለመቀየር ሕንጻውን ማፍረስ አያስፈልግም።

ለእኛ ማኅበር የሚቀርበው ግን የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ሕግ አውጪዎች ይህን መከራከሪያ እንዲገድቡ በይፋ ጠየቀ። መሣሪያው የራሳቸው የጠበቆች ነበር፤ ደንበኞቻቸውንም ይጠቅም ነበር። በዓመቱ ካሊፎርኒያ ከዚያች አገር ክፍላተ ግዛት ቀድማ ከለከለችው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት እንደሚያስቀጣ ሁላችንም እናውቃለን። ቅጣቱ ግን እስራት ነው፤ የሚወስነውም ፍርድ ቤት እንጂ ጎረቤት ወይም የሰፈር ጎረምሳ አይደለም። በዚያው ሕግ አንቀጽ 541 ከባድ ትንኮሳ ደርሶበት ስሜቱ ገንፍሎ ለገደለ ሰው ቅጣቱን ያቀልላል። «ከባድ» የሚለው ቃል በምን እንደሚለካ፣ ከመካከላችሁ ከሕግ ባለሙያዎች ጋር በውልና በግልግል ሥራ የምትገናኙ ሁሉ ብትጠይቁልኝ ደስ ይለኛል። ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄ ትቻለሁ።