የበረዶ መግፊያ ስለ መሥራት
(በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «የፈለግሽውን ተናገሪ» ሲሉኝ «ስለ በረዶ መግፊያ ልናገር» ብዬ መለስኩላቸው። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ «ዶክተር፣ አዲስ መድኃኒት ነው?» አሉኝ። አይደለም። ከትንሽ ትራክተር ፊት የሚታሰር፣ በረዶ ከመንገድ ላይ ገፍቶ የሚያወጣ ሰፊ ብረት ነው። እዚያ አገር «ፕላው» ይሉታል፤ ማረሻ ማለት ነው፣ ግን አያርስም፣ ይገፋል። ከጎረቤቴ ጋር በእጃችን ሠርተነዋል።

በረዶ ስላችሁ ጅማ ላይ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን እንዳታስቡ። ይሄኛው ሲወርድ ድምፅ የለውም፣ የተነደፈ ጥጥ ነው የሚመስለው። ጣጣው ከወረደ በኋላ ነው። የምኖረው ሰሜን ምዕራብ ሚኒሶታ ገጠር ውስጥ ነው። አገሩ ከጥንት የበረዶ ዘመን የቀረ የሐይቅ ወለል ስለሆነ ሜዳ ነው፤ ነፋስ የሚያቆም ኮረብታ የለም። ከቤቴ እስከ ዋናው መንገድ 180 ሜትር የጠጠር መንገድ አለ። ዋናውን መንገድ መንግሥት ይጠርጋል፤ የግል መግቢያህን ግን አንተው ነህ የምትጠርገው። እንዲያውም የመንግሥቱ መኪና ሲያልፍ የጠረገውን በመግቢያህ አፍ ላይ ከምሮልህ ይሄዳል፣ ያ ክምር ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 180 ሜትር በ3 ሜትር፣ 25 ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢወርድበት 135 ሜትር ኩብ ነው። አዲስ በረዶ በግምት አንዱ ሜትር ኩብ እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 135 ኩንታል። ነፋስ የጠቀጠቀው ከሆነ ሁለት ሦስት እጥፍ። ይህ ለአንድ ሌሊት ነው! ተረኛ ስሆን ደግሞ ከተጠራሁበት ደቂቃ ጀምሮ በ30 ደቂቃ ሆስፒታል መገኘት አለብኝ። ጠራጊ ተቀጥሮ ይቻላል፤ ግን ያ ሰውዬ 40 ደንበኛ አለው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ረፋዱ አልፏል።

«በአካፋ አትጠርጊም?» የሚል ሐኪም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እባክህ ይህን ስማ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2006 የተሰበሰበ የአሜሪካ መረጃ እንደሚያሳየው በረዶ በአካፋ ሲዝቁ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የሚመጡት በዓመት በአማካይ 11,500 ያህል ሰዎች ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት 1,647 ሰዎች ሞተዋል፤ የሞቱት በልብ ነው። ምክንያቱን ፊዚዮሎጂ ላይ የተማርነው ነው፦ ብርዱ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ሥራው በክንድ ነው፣ ሰው ከባድ አካፋ ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል፣ ግፊቱ ይወጣል፤ ያውም ገና ከአልጋ እንደተነሳ፣ ሳያሟሙቅ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ገበሬ ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ልባቸው ውስጥ ስቴንት አለ። ታካሚዬ አይደሉም፤ ይህን እንድናገር ፈቅደውልኛል፣ «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» ብለው። ስቴንቱ ከገባላቸው በኋላም በየማለዳው አካፋ ይዘው ይወጡ ነበር። በምክር የሚመለሱ ሰው አይደሉም። ልጆቻቸው ሁለት ክፍለ ሀገር አልፈው ነው የሚኖሩት። እኔ 25 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ትራክተር ነበረችኝ፤ እሳቸው ሳልዳቱራ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ የተሟላለት ጋራዥ አላቸው። «እርስዎ ይበይዱ፣ እኔ እይዛለሁ፤ ሲያልቅ የሁለታችንንም መንገድ እኔ እጠርጋለሁ» አልኳቸው። ውሉ ይኼው ነው። አካፋውን ለማስጣል ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

እንግዲህ ወደ ብረቱ። ምላጩን አዲስ አልገዛንም። ከእርሻ ዕቃ ጨረታ ላይ ለፒክአፕ መኪና የተሠራ 2 ሜትር ከ30 የሆነ አሮጌ አገኘንና ከየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን 1 ሜትር ከ80 አደረግነው። ለምን ጠበበ? ትራክተሯ ከጎማ እስከ ጎማ 1 ሜትር ከ25 ናት። ምላጩን በ30 ዲግሪ አዙረህ ስትገፋ ፊት ለፊት የሚሸፍነው ስፋት ወደ 1 ሜትር ከ56 ይወርዳል፤ ጎማዎቹ አሁንም በተጠረገ መንገድ ላይ ይሄዳሉ። ከዚያ በላይ ቢሰፋ ግን ጥቅም የለውም፤ የምላጩ ጫፍ አንድ ነገር ሲመታ የትራክተሯን የፊት ክንዶች የሚጠመዝዝ ረጅም ዘንግ ይሆናል። እነዚያ ክንዶች የተሠሩት ሸክም ወደ ላይ እንዲያነሱ ነው፣ ከጎን እንዲመቱ አይደለም።

ምላጩን የሚሸከመውን አጽም ከወፍራም ቱቦላሬ በየድነው፤ ጀርባው ላይ ባልዲው በሚሰካበት ቦታ የሚገባ ላሜራ አለው። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ቋሚ ፒን፣ ከኋላው ግማሽ ክብ ሆኖ ሦስት ቀዳዳ ያለው ብረት፦ ወደ ግራ፣ ቀጥ፣ ወደ ቀኝ። አቅጣጫ ለመቀየር ከወንበሬ ወርጄ ቦታውን በእጄ እቀይራለሁ። ጎረቤቴ በሃይድሮሊክ እናድርገው ብለው ነበር፤ እኔ እንቢ አልኩ። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ዋናው ነገር ግን ሞላው ነው። በረዶ ሥር ምን እንዳለ አይታይም፦ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር፣ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ግግር። ምላጩ ድርቅ ብሎ ከተበየደ ያ ሁሉ ምት ወደ ትራክተሯ፣ ከትራክተሯ ወደ አንገትሽ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ጠንካራ ሞላ ከኋላ ወጥረው ይይዙታል፤ የታችኛው ጠርዝ አንድ ነገር ሲመታ ምላጩ ወደ ፊት ይታጠፍና እንቅፋቱን አልፎ ይመለሳል። በግማሽ ክቡ ላይ የሚገባውንም ብሎን ሆን ብለን ከለስላሳው ዓይነት አደረግነው። ጠንካራውን መግዛት ይቻል ነበር፣ ዋጋውም ያው ነው። ግን እንደ ፊውዝ ነው፤ የሁለት ዶላሩ ካልተሰበረ የሁለት ሺሁ ይሰበራል። በመጀመሪያው ክረምት ሦስት ብሎን ተሰብሯል፣ ሌላ ምንም አልተሰበረም። በኪሴ ሁልጊዜ አምስት አለ፣ ከቴርሞሜትሩ ጋር።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ጠጠሩን እንዳይዝቀው ከታች ሁለት «ጫማ» አለው፣ መሬቱ እስኪደርቅ ድረስ ጠርዙን ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ። ኋላ ጎማዎቹ ላይ ሰንሰለት፣ ከጀርባ በኮንክሪት የተሞላ በርሜል፣ አለዚያ ፊቷ ከብዶ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። አጠቃላይ ወጪው 540 ዶላር ሆነ፣ የጎረቤቴ ድካም ሳይታሰብ።

አሁን ሃይድሮሊኩን እንቢ ያልኩበትን ልንገራችሁ። በቧንቧችን የሚመጣው ውኃ ግፊቱ ሦስት አራት ባር ነው። በዚህች ትንሽ ትራክተር የዘይት ጎማ ውስጥ ያለው ወደ 170 ባር ነው። ጎማው ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ብትኖርና ሰውየው የሚያፈሰውን ቦታ በጣቱ ዳስሶ ሊፈልግ ቢል፣ ዘይቱ ቆዳውን በስቶ በጅማቱ ሽፋን ውስጥ ሽቅብ ይሮጣል። ቁስሉ ነጥብ ናት፤ መጀመሪያ ላይ ብዙ አያምም፣ ጣቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ታጥቦ፣ ፀረ ቲታነስ ተወግቶ፣ አንቲባዮቲክ ይዞ ወደ ቤቱ የተላከ ሰው በማግስቱ ጣቱ ጠቁሮ ይመለሳል። የዚያኑ ሰዓት ተከፍቶ መጸዳት ያለበት የቀዶ ሕክምና ድንገተኛ ነው። ይህ የሚኒሶታ በሽታ እንዳይመስላችሁ። የናፍጣ ኢንጀክተር የሚፈትሽ የጅማ መካኒክ፣ ግሪስ የሚነፋ፣ ቀለም በግፊት የሚረጭ ሠራተኛ ሁሉ ያገኘዋል። በጋራዥ ውስጥ የሚያፈስ ዘይት የሚፈለገው በካርቶን ነው፣ በእጅ አይደለም።

ሌላው ከብየዳው ነው። ጎረቤቴ ለመደገፊያ የሚሆን ዚንክ የተቀባ የውኃ ቱቦ አወጡ። ዚንኩን በግራይንደር ሳይገፍፉና በር ሳይከፍቱ አልይዝም አልኳቸው። የዚንክ ጭስ የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም፤ በአንድ ሁለት ቀን ይተወዋል። እዚህ አገር ማታ ተንቀጥቅጦ የመጣ ወጣት ምን ይባላል? ወባ። ምርመራው ነጻ ቢሆንም የወባ መድኃኒት የሚሰጠው አይጠፋም። በየዳጆቹ ራሳቸው ያውቁታል፣ ወተት ይጠጡበታል። ወተቱ አያድንም፤ ምርመራቸው ግን ከእኛ ይሻላል። «ሥራህ ምንድን ነው? ዛሬ ምን በየድክ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው የሚለዩት።

በክረምቱ መሐል አንድ ሌሊት የጎረቤቴ ባለቤት ትንፋሽ አጠራቸው። በገጠሩ አምቡላንስ የሚነዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መንገዱ ከተዘጋ ቃሬዛውን በእጅ ተሸክመው ነው የሚገቡት። እኔ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጠርጌው ነበርና አምቡላንሱ በራቸው ድረስ ገባ። ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ቤታቸው ተመለሱ። አካፋው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ጎረቤቴ ያወርዱታል ብዬ አሁንም እፈራለሁ።

መምህሮቻችን፣ ልመናዬ እናንተን ነው። እኛን በየዓመቱ ወደ ኅብረተሰቡ ልካችሁ ምንጭ አጎልብተናል፣ መጸዳጃ ቆፍረናል። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተዋሐደው የግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ግማሽ ቀን የትራክተር ጥገና፣ ግማሽ ቀን ከተማው ውስጥ የብየዳ ቤት ይጨመርላቸው። ጠግነው እንዲወጡ አይደለም፤ እዚያ የሚሠራ ሰው በምን እንደሚጎዳ እንዲያዩ። የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ ለመጀመሪያው ቡድን እኔ እሸፍናለሁ፤ ለዲኑ ቢሮ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።

የመግፊያው ሥዕል ከነልኩ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ከካናዳ የመጣችሁ ሦስት ሰዎች እንዳላችሁ አይቻለሁ፣ በሻይ ሰዓት ፈልጉኝ።