በረዶ በሌለበት አገር የገና በዓል



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዛሬው ቀን፣ ስለ በዓል ጥቂት እንድንናገር ተራው ስለ ደረሰን ደስታችን ታላቅ ነው። የመረጥነው ርእስ ከአገራችን እጅግ የራቀ ነው፤ ይኸውም በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ባሉት በሃዋይ ደሴቶች፣ ይልቁንም በማዊ ደሴት የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በላሃይና፣ የገና በዓል እንዴት እንደሚከበር ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህን ርእስ ስለ ምን መረጥን? በገና ሰሞን በከተማችን ሱቆች የሚሸጡትን የመልካም ምኞት ካርዶች ሁላችንም አይተናል። በረዶ የሸፈነው ጣራና ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ይታይባቸዋል። በእኛ አገር ግን ገና የሚውለው ዝናቡ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ እህሉ ከአውድማ በሚገባበት ወራት ነው። እንግዲህ ገና የብርድ በዓል ነውን? ለዚህ ጥያቄ የሃዋይ ሰዎች ጥሩ መልስ አላቸው።

ሃዋይ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚገኝ፣ በዲሴምበርም እንኳ ሰው በባሕር ይዋኛል። ገና ወደዚያ ከመግባቱ አስቀድሞ ሕዝቡ ማካሂኪ የሚባል የራሱ በዓል ነበረው። ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉት ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ መታየት ሲጀምሩ በዓሉ ይገባና አራት ወር ያህል ይቆያል። በዚያ ጊዜ ጦርነት ክልክል ነበር፤ የምድሩ ፍሬ ግብር ይገባል፤ ትግልና ልዩ ልዩ ጨዋታም ይደረጋል። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ የሚከለክል ልማድ ላለን ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም።

በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው የሃዋይ ገና በ1786 ጆርጅ ዲክሰን የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ በካዋይ ደሴት ያከበረው ነው። የሚያስደንቀው ግን፣ በ1820 ከአሜሪካ የመጡት ሚሲዮናውያን ገናን አለማክበራቸው ነው፤ በመጽሐፍ ያልታዘዘ በዓል ነው ይሉ ነበርና። በዓሉን የመንግሥት በዓል አድርጎ ያወጀው በ1862 የአገሩ ንጉሥ አራተኛው ካሜሃሜሃ ነበር።

ሕዝቡም የተቀበለውን በዓል እንዳለ አልተወውም። የሃዋይ ቋንቋ በ13 ፊደላት ብቻ ይጻፋል፤ የ«ር» እና የ«ስ» ድምፅም የለውም። ስለዚህ እንግሊዞች «ሜሪ ክሪስማስ» የሚሉትን እነርሱ «ሜሌ ካሊኪማካ» አሉት። «ሜሌ» ደግሞ በቋንቋቸው ዘፈን ማለት ስለሆነ፣ የእንግዳው ቃል በአፋቸው የዜማ ትርጉም ያዘ።

የጥድ ዛፉ ከአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር በመርከብ ተጉዞ ይመጣል፤ ተባይ ይዞ እንዳይገባም ይመረመራል። በሆኖሉሉ ማዘጋጃ ቤት ግቢ በየዓመቱ የሚቆመው የገና አባት ሐውልት ጫማ አውልቆ እግሩን በውኃ ውስጥ የነከረ ነው። ለግብዣው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ድንጋይ በእሳት ይግላል፤ የዓሣማ ሥጋ በቅጠል ተሸፍኖ፣ አፈር ተመልሶበት፣ ለብዙ ሰዓት ይበስላል። ይህ ኢሙ የሚባለው ምድጃ ለአንድ ቤት ብቻ የሚበዛ ሥራ ስለሆነ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይቆፍራል፣ ተሰብስቦም ይበላል። ቅርጫ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ለአዲሱ ዓመት ደግሞ አባቶቻቸው ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ከጃፓን የመጡ ቤተሰቦች በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ በሙቀጫ እየወቀጡ ሞቺ የሚባለውን ምግብ ያዘጋጃሉ።

ይሁን እንጂ የበዓል ትርጉም የሚፈተነው በደስታ ቀን ብቻ አይደለም። በላሃይና መካከል በ1873 የተተከለ፣ የዋርካ ዘመድ የሆነ ታላቅ ዛፍ አለ። ሕዝቡ በጥላው ሥር ይሰበሰብ፣ በዲሴምበርም በመብራት ያስጌጠው ነበር። ኦገስት 8 ቀን 2023 ግን ኃይለኛ ነፋስ ያባባሰው እሳት፣ በተተዉት የሸንኮራ እርሻዎች ላይ የበቀለውን ደረቅ ሣር ይዞ ከተማዪቱን በላት። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ሕንፃዎች ጠፉ። በዚያ ዓመት ገና ሲደርስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሆቴል ክፍል ተጠግተው ነበር። ኢሙ የሚቆፍሩበት ግቢ አልነበራቸውም፤ ከጎረቤቶቻቸውም ብዙዎቹ ተበትነዋል። በረዶ ባይኖር ገና አይጎድልም፤ ጎረቤት ሲጠፋ ግን በእውነት ይጎድላል።

ዛፉ ቢለበለብም አልሞተም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ቅጠል አወጣ። ከከተማዪቱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሚገኘው፣ በ1831 የተመሠረተው የላሃይናሉና ትምህርት ቤትም ከእሳቱ ተረፈ። በሃዋይ ቋንቋ የመጀመሪያው ጋዜጣ የታተመው በ1834 በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። ለጊዜው በሌላ ስፍራ ይማሩ የነበሩት ተማሪዎቹ በኦክቶበር 2023 ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ብዙዎች ቤታቸውን ያጡ ልጆች የሚመለሱበት አንድ ስፍራ ቀረላቸው፤ እርሱም ትምህርት ቤታቸው ነበር።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሌላ አገር የመጣ ጌጥ ቢያምርም፣ በዓልን በዓል የሚያሰኘው እርሱ አይደለም፤ እኛም የምንልከውን ካርድ በገዛ ሰማያችንና በገዛ አደይ አበባችን ለመሣል አንፈር። ሁለተኛ፣ በዓል የሚቆመው በተሰበሰበ ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተሰብስበን ሳለን፣ ከመካከላችን ቤቱ የራቀበት ወይም ኀዘን የገባበት ጓደኛ ካለ፣ በመጪው ገና በማዕዳችን ቦታ እንስጠው።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።