ደጃችን ክፍት ነው ወይ?

የማኅበራችንን የሂሳብ ሪፖርት በድረ ገጻችን እናስቀምጣለን። ማስፈንጠሪያው ሲነካ «404» ከመጣ ገጹ አልተገኘም ማለት ነው፤ ረጂው ግን ሂሳቡን የደበቅን ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ማስፈንጠሪያ የሚመረምር ቀላል ፕሮግራም በየሳምንቱ እንድንጠቀም እንጠይቃለን። ፕሮግራሙ ማስፈንጠሪያዎቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል። «200» ከተመለሰለት ገጹ አለ፤ «500» ከሆነ ችግሩ ከሰርቨሩ ነው። ገጹን ሙሉ ሳያወርድ፣ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚል እንግዳ ስለሚጠይቅ ብዙ ዳታ አይበላም።

ሁለት ነገር ግን ልብ እንበል። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በጅግጅጋ ሁከት ሲነሳ በሶማሌ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከዚህ ሆነን ብንመረምር ሁሉም የተበላሸ ይመስለናል። ደህናውን ገጽ ከመነካካታችን በፊት ሌላ ከተማ ያለች እኅት ከፍታ ትይልን። ደግሞም «200» ቢመጣ እንኳ የተቀመጠው ሪፖርት የአምናው ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ ያሳያል እንጂ አይጠግንም። በየሰኞው አንዲት ተረኛ እንመድብ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።