መንገዱ ሲያምር ሰፈሩም ይኑር

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



 ወንበር አጥታችሁ ቆማችሁ የምታዳምጡም አላችሁና ነገሩን አናስረዝምም።

እንደምታውቁት በሰፈራችን ፊት ለፊት የሚያልፈው ዋና መንገድ በከተማው የኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል ተብሎ ተነግሮናል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፤ የብስክሌት መሥመር፤ የመንገድ መብራት፤ ዛፍና አበባ ይኖረዋል። ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን በሚታጠፈው መግቢያ ላይም የሰፈሩን ስም የያዘ ትልቅ የመግቢያ ምልክት ይቆማል ተብሏል። ይህ ወሬ ከመጣ ወዲህ ግን ሰፈራችን ሁለት ሆኗል። በአስፋልቱ ዳር ያሉት እንቅልፍ አጥተዋል። ከውስጥ ያለነው ደግሞ «እኛን ምን አገባን፤ እንዲያውም መንገዱ ያምርልናል» ማለት ጀምረናል። እንግዲህ ዛሬ ልንናገር የመጣነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ጉዳይ የፊት ቤትና የጓሮ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ የአንድ ሰፈር ጉዳይ ነው። ስለዚህ ካስማ ሳይተከል በፊት አንድ ቃል ሆነን መቅረብ አለብን።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። ሥራው በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ፤ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ቦሌ፤ ከቦሌም ወደ መገናኛ በተሠሩት መንገዶች ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዕራፍ ሲቀጥል ስምንት መሥመሮች፤ በድምሩም 132 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆኑ ተገልጿል። እነዚያን መንገዶች ሁላችንም ሄደንባቸዋል። ድሮ የቆመ መኪናና የተቆለለ አሸዋ መንገዱን ስለሚይዘው እግረኛው አስፋልት ላይ እየወረደ ይጋፋ ነበር። ዛሬ በእነዚያ ቦታዎች እናት ልጇን ይዛ ያለ ሥጋት ትሄዳለች፤ ማታ ከሥራ የምትመለሰውም እኅታችን በብርሃን ትመጣለች። ይህን መካድ አይገባም። እኛም ልማት አንፈልግም የምንል ሰዎች አይደለንም።

ነገር ግን ሌላውም ወገን እውነት ነው። በፒያሳ የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ፈርሰዋል። ከካዛንቺስም ብዙ ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ገላን ጉራ ሄዷል። አዲስ ቤት አግኝተው «ተመስገን» የሚሉ አሉ። ደንበኛቸውን፤ የልጃቸውን ትምህርት ቤት፤ የእድር ጎረቤታቸውን ያጡም አሉ። ቤት በቤት ይተካል፤ ጎረቤት ግን በምን ይተካል? እንግዲህ የእኛ ተራ ሲደርስ የምንጠይቀውን ከወዲሁ ማወቅ ይኖርብናል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ላይ ሕዝብ አካባቢውን በሚነካ ዕቅድ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ሰው በላዩ የሠራው ቤት የራሱ ስለ ሆነ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፈለው ያዛል። የካሣውና የመልሶ ማቋቋሙ ዝርዝር በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጥቶ ኋላም ተሻሽሏል። አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜ በቀን የተቆጠረ ስለ ሆነ ወረቀት የደረሰው ሰው ትራስ ሥር ሳያስቀምጥ በዚያው ቀን ለኮሚቴው ያሳውቅ።

በቀበሌ ቤት የምንኖረው ደግሞ ጉዳያችን ለየት ይላል። እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች መካከል ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ናቸው። ተከራይ ስለ ሆንን የቤት ካሣ የለንም፤ የምንጠይቀው ምትክ ቤት ነው። ስለዚህ ውላችንና የኪራይ ደረሰኛችን በእጃችን መኖሩን ዛሬውኑ እንይ። በአባት ወይም በእናት ስም የቀረ ውል ያለው ሰው አሁኑኑ ያስተካክል። ከተለካ በኋላ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«የውስጥ ሰዎችንስ ምን አገባን?» ለምትሉ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የውስጥ መንገዳችን ኮብል ስቶን ሲነጠፍ ሁላችንም እልል ብለን ነበር። ሥራውን የያዘው ክፍል ግን መንገዱን ከደጃፋችን ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ፤ ቦዩንም ጀምሮ ሳይጨርስ ሄደ። ነሐሴ ሲገባ ጎርፉ ወደ አስፋልቱ መውረዱን ትቶ ወደ ቤታችን ገባ። ያን ሌሊት ዱቄትና ፍራሽ በጣራ ሥር ሰቅለን፤ ሕፃናቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተን፤ ውሃ በባልዲ ስንቀዳ አነጋን። አስፋልት ዳር ያሉት ጎረቤቶቻችን ቤታቸው አልተነካም፤ ግን በራቸውን ከፍተው አሮጊቶቻችንን አሳደሩልን። የዚያን ሌሊቱን ውለታ ዛሬ እንዴት እንረሳለን? ውሃው በየት እንደሚወርድ ማንም አልጠየቀንም ነበር። እኛም አልተናገርንም። በሽማግሌ ቋንቋ ቢሆን ጥፋቱ የሁለት ወገን ነው።

አሁን የሚሠራው መንገድ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። አስፋልቱ ዳር የሚነሣው እያንዳንዱ ጠርዝ ወይ ውሃውን ይመራልናል ወይ ይገድብብናል። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች በጽሑፍ እንድናቀርብ ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፤ የውሃው ነገር። ከውስጥ የሚመጣው ቦይ ከአዲሱ ቦይ ጋር እንዲገናኝ፤ ይህም ንጣፉ ከመነጠፉ በፊት እንዲሠራ። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለ ሆነ ቁፋሮው በክረምት አፉን ከፍቶ እንዳያድር።

ሁለተኛ፤ ለአካል ጉዳተኞች። በሰፈራችን በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱም፤ በበትር የሚመሩም ወገኖች አሉን። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች እንዲተላለፉ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲም ያህል ነፃ ስፋት ያስፈልጋል። በየማቋረጫው የሚሠራው መወጣጫ 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር የሚሄድ ያህል ገር ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ቁልቁለት እንጂ መወጣጫ አይደለም። ለዓይነ ሥውራን የሚነጠፈው ጎርባጣ ንጣፍም የመብራት ምሰሶ ላይ እንዳያላትማቸው ከወዲሁ ይታይ።

ሦስተኛ፤ ለዛፉ። ዋንዛም ይተከል ዝግባ፤ ሲሚንቶው ግንዱ ድረስ ከተለሰነ ውሃ አያገኝም፤ ይደርቃል፤ ወይም ሥሩ ንጣፉን ይፈነቅላል። በዙሪያው ክፍት አፈር ይተውለት። ውሃ የማጠጣቱን ሥራ የሰፈራችን ወጣቶች ቢረከቡት እንመርጣለን።

አራተኛ፤ በመንገዱ ዳር ለሚያድሩት። ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች፤ በቆሎ የሚጠብሱት፤ ጀበና ቡና የሚያፈሉት፤ ሊስትሮዎቹ ልጆቻችን ከዚህ መንገድ እንጀራ ይበላሉ። መንገድ ይዘጋሉ ከተባለ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ይዘጋሉ። መፍትሔው ግን ማባረር ሳይሆን የታወቀ ቦታና ሰዓት መስጠት ነው። እነርሱም በበኩላቸው ቦታቸውን በንጽሕና ለመያዝ ቃል ይግቡ።

አምስተኛ፤ የድንኳን ነገር። ይህን ባለ ዕቅዶቹ ላያስቡት ይችላሉ፤ እኛ ግን መርሳት አንችልም። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የምንጥለው መንገድ ዳር ነው። ንጣፍ ላይ ካስማ አይመታም። ስለዚህ ወይ ለድንኳን የሚሆን ቦታ በውስጥ በኩል ይተውልን፤ ወይ የእድራችን ድንኳን በብረት እግር የሚቆም እንዲሆን ከአሁኑ መዋጮ እንጀምር።

አሁን ወደ መግቢያው ምልክት እንምጣ። ብዙ ክርክር ያስነሣው እርሱ ነው።

አንዳንዶች «የሰፈራችን ስም አያምርም፤ በር ላይ ሊጻፍ አይገባም፤ አዲስ ስም ይውጣለት» ብላችኋል። እስቲ እናስብ። ካዛንቺስ የተባለው ስም ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ለሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት አሕጽሮተ ስም የመጣ ነው። መርካቶና ፒያሳም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ጉለሌ የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። ሠራተኛ ሰፈር ባለ እጆች የሰፈሩበት ነው። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ያምራሉ የሚል ማን አለ? ሆኖም ሕዝብ ሲጠራበት ኖሮ የራሱ አድርጎታል። ቤቱ ሲፈርስ እንኳ የቀረው ስሙ ነው። የእኛም ስም ሌላ ሰው አምሮ እንዲታየው ብለን የምንለውጠው አይደለም። በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፤ እኛ የምንጠራው ስም ይሁን።

ስለ አሠራሩ ደግሞ ሦስት ነገር እንጠይቅ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 14 ሜትር ያህል ያልፋል። ስለዚህ ምልክቱ ላይ ስሙ በትልቁ ይጻፍ እንጂ መፈክር አይብዛበት፤ ሾፌሩ ሲያነብ ሰው እንዳይገጭ። ሁለተኛ፤ ቋሚው ከመታጠፊያው ራቅ ይበል፤ ሕፃን ከጀርባው ብቅ ሲል ሾፌሩ እንዲያየው። ሦስተኛ፤ ከላይ የተያያዘ በር ከሆነ ቁመቱም ስፋቱም ይለካ። በዚያ በር የሚገባው የቤት መኪና ብቻ አይደለም። የእሳት አደጋ መኪና ይገባል፤ አምቡላንስ ይገባል፤ ሽንት ቤት የሚመጥጠው መኪና ይገባል፤ አስከሬን የጫነ መኪና ይወጣል፤ በጥምቀትም ታቦት በጥላ ያልፋል። ለፎቶግራፍ የሚያምር፤ አምቡላንስ የማያስገባ በር አንፈልግም።

ወገኖቻችን፤ ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። በር ቆሞ፤ ስም ተጽፎ፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ከሌሉ ያ ምልክት የመቃብር ድንጋይ ነው የሚሆነው። የፊት ጎረቤቶቻችን ምናልባት ይነሡ ይሆናል፤ ሁሉም ወይም ጥቂቶቹ። ምን ያህል እንደሚሆኑ ዛሬ አናውቅም፤ ስለዚህ በወሬ አንሸበር። ሆኖም ከሆነ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የሚነሡት በአንድ ላይ፤ በአንድ አካባቢ ይስፈሩ። የሚነሡበትም ቀን የትምህርት ጊዜና ክረምት እንዳይሆን ይታሰብ።

ከእኛ ከራሳችን የሚጠበቀው ደግሞ ይህ ነው። ማንም ቢነሣ ስሙ ከእድራችን መዝገብ አይሰረዝም። መዋጮውን እስከ ከፈለ ድረስ የትም ይኑር የት ሲቸገር እንደርስለታለን፤ እኛም ስንቸገር ይመጣል። ይህን ዛሬ በእጅ ማውጣት አጽድቀን በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ እንጠይቃለን። ለመንግሥት ከምናቀርበው ጥያቄ በፊት እርስ በርሳችን የምንገባው ቃል ይቅደም።

በመጨረሻ የሚሠሩትን እናስታውስ። በመጪዎቹ ሁለት ሳምንታት ኮሚቴው ቤት ለቤት እየዞረ የባለቤቱንና የተከራዩን፤ የአረጋውያኑንና የአካል ጉዳተኞቹን ቁጥር ይመዘግባል፤ በር ክፈቱላቸው። ከፊት ቤቶች ሦስት፤ ከውስጥ ሦስት ተወካዮች ይመረጡ፤ ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ውሃውንና ጉሊቱን ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና። ተወካዮቹ የመንገዱ ወሰን የተሠመረበትን ካርታ እንዲያሳዩአቸው ይጠይቁ፤ የተባለውንም በጽሑፍ ተቀብለው በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ። በግሉ ሄዶ ለብቻው የሚደራደር ሰው ካለ ግን ሁላችንንም ይጎዳል፤ እርሱም አይጠቀምም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል የኖረው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

መንገዱ ይመር፤ መብራቱም ይብራ። በመብራቱ ሥር የሚሄዱት ግን እኛና ልጆቻችን እንሁን።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ መጀመሪያ የፊት ቤት ጎረቤቶቻችን ይናገሩ።