አለቃ ሠራተኛውን ሲያምን



«ማን ያርዳ የቀበረ፤ ማን ይናገር የነበረ» እንዲሉ፣ የአንድን መሥሪያ ቤት ጠባይ አጥርቶ የሚያውቀው ደንቡን ያነበበ እንግዳ ሳይሆን፣ ማለዳ ገብቶ ማታ የሚወጣው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ስለ አለቃና ስለ ሠራተኛ ስንነጋገር፣ ሂውሌት ፓካርድ በተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ሠራተኞች ያዩትን በጎውንም ክፉውንም እንመልከት።

ዊልያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ ይህን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በምትባል ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ ጋራዥ ውስጥ በ538 ዶላር መሠረቱት። ፓካርድ አስቀድሞ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ተቀጥሮ ሳለ፣ መሣሪያ እንዳይሰረቅ ዕቃ ቤቱ በብርቱ ሲጠበቅ፣ ሠራተኞቹም አለመታመናቸው አስቈጥቷቸው ሆን ብለው ዕቃ ሲወስዱ ተመልክቶ ነበር። ስለዚህ በራሱ ኩባንያ ዕቃ ቤቱ ለሠራተኛው ክፍት እንዲሆን ተደረገ። ከጊዜ በኋላ ሂውሌት በአንድ የዕረፍት ቀን መጥቶ በሩ ተቈልፎ ቢያገኘው፣ ቁልፉን በብረት መቁረጫ ሰብሮ፣ ዳግመኛ እንዳይቈለፍ የሚል ማስታወሻ ትቶ ሄደ።

የዚህ እምነት ፈተና በ1970 ዓ.ም. ደረሰ። የዕቃ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ሠራተኞቻቸውን ያሰናብቱ ጀመር። ሂውሌት ፓካርድ ግን ከፕሬዚዳንቱ እስከ ተራው ሠራተኛ ድረስ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓርብ ሥራ እንዲተዉ፣ ደመወዛቸውም ከመቶ 10 እጅ እንዲቀነስ አደረገ። ወደ 6 ወር ገደማ ካለፈ በኋላ ትእዛዙ ሲመለስ፣ ሁሉም ወደ ሙሉ ሥራውና ወደ ሙሉ ደመወዙ ተመለሰ። ጥቅሙ ለሠራተኛው ብቻ አልነበረም፤ ኩባንያው በብዙ ድካም ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች ሳይበተኑ ጠበቁት።

ፓካርድ በ1996 ዓ.ም.፣ ሂውሌትም በ2001 ዓ.ም. ጥር ወር ዐረፉ። በዚያው በ2001 ዓ.ም. ገበያው እንደ ገና ተቀዛቀዘ። ኩባንያው ሠራተኞቹን ከደመወዛቸው ወይም ከዕረፍት ቀናቸው በፈቃዳቸው እንዲተዉለት ቢለምን፣ ከ80,000 የሚበልጡት እሺ አሉ። ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ 6,000 ያህል ሠራተኞች እንደሚሰናበቱ ተነገረ። ያለፈውን ዘመን ያስታውስ የነበረ ሠራተኛ ምን ያህል እንዳዘነ መገመት አያዳግትም፤ ከደመወዙ የሰጠው ባልንጀራውን ከሥራ እንዳያወጡበት ነበርና።

አንባቢ ሆይ፤ ገበያ በማንም ሥልጣን ሥር አይደለም፤ ሠራተኛን ማሰናበትም አንዳንድ ጊዜ ግድ ይሆን ይሆናል። ዳሩ ግን ጉዳቱን አብሮ ተካፈል የተባለ ሰው፣ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሦስት ሰዎችን ብቻ የምታዝ ብትሆንም፣ ያለ ምክንያት የቈለፍኸው በር እንዳለ መርምር፤ የችግር ቀን ሲመጣም ቅነሳውን ከራስህ ደመወዝ ጀምር። ሠራተኛ አለቃውን የሚመዝነው በበዓል ቀን በሚያደርገው ንግግር ሳይሆን፣ በዚያች በችግር ቀን በሚሠራው ሥራ ነውና።