ጤነኛ ሳለን ስለ መዋጣት
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



እኛ ወጣቶች አንድ የጋራ ጉድለት አለብን፤ ይኸውም በሽታ የሌላ ሰው ዕዳ ብቻ መስሎ ይታየናል። ዛሬ ይህን ጉድለት በማስታወቂያ ለማረም ስለ ተደረገ አንድ ሙከራ ጥቂት ቃል እንናገራለን። ዘመኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን።

በአሜሪካ በ2010 ዓ.ም. የጤና ኢንሹራንስን ለብዙ ሕዝብ ለማዳረስ ሕግ ወጣ። ምዝገባውም በኦክቶበር 2013 ተከፈተ። ሕጉ ኢንሹራንስ ሰጪዎች የታመመውን ሰው እንዳይመልሱ፣ ስለ ሕመሙም ዋጋ እንዳይጨምሩበት ከለከለ። እንግዲህ የሚገቡት በሽተኞች ብቻ ቢሆኑ የማሳከሚያው ገንዘብ ከየት ይመጣል? መዋጮው ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ጤነኛው ወጣት በብርቱ ተፈለገ።

እርሱን ለመሳብ ምን ተደረገ? በኮሎራዶ ወዳጆቹ ዘቅዝቀው ይዘውት ከበርሜል ቢራ የሚጠጣ ጎረምሳ የሚታይበት ማስታወቂያ ወጣ። የሳቀ ነበር፤ «ወጣቱን ሰካራም አደረጋችሁት» ብሎ የተቆጣም ነበር። በማርች 2014 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ራሳቸው ከቀልደኛው ከዛክ ጋሊፊያናኪስ ጋር ተቀምጠው፣ እየተቀለደባቸው፣ ወጣቶች እንዲመዘገቡ አሳሰቡ። ከተቃዋሚዎቹ ወገን ደግሞ «አትመዝገቡ» የሚል አስፈሪ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር።

ፍጻሜውስ? በመጀመሪያው ምዝገባ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ገቡ። ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉት ግን ከመቶ 28 ነበሩ፤ ተስፋ የተደረገው ወደ 40 የሚጠጋ ነበር።

በእኛ አስተያየት ሳቅ ሰውን እስከ ደጃፍ ያደርሳል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባም። መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በመዋጮው ይረዳ ነበር፤ በዚያ ማስታወቂያ ላይ ግን ዓይን የሚይዘው በርሜሉ ነው። ወጣት ሰው ስንት እንደሚከፍል፣ ቢታመም ምን እንደሚደረግለት፣ የእርሱም መዋጮ ማንን እንደሚያሳክም በግልጽ ቢነገረው ያስተውላል። ሞኝ አይደለንምና።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ወላጆቻችን ዕድር የሚከፍሉት በዚያ ወር በቤታቸው ሐዘን ስላለ አይደለም። ዛሬ ለጎረቤት ይከፍላሉ፤ ነገ ጎረቤት ይደርስላቸዋል። በ2011 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ የሚቀር ሲበዛ፣ ሸክሙ በታመመው ላይ ይወድቃል።

ከእኛ ከተመራቂዎቹ መካከል ዕድር የገባ እጁን ያንሣ ብንባል፣ አንድ እጅ እንኳ መነሣቱን እንጠራጠራለን። እስከ ዛሬ የከፈላችሁልን እናንተ ወላጆቻችን ናችሁ። ነገ የመጀመሪያ ደመወዛችንን ስንቀበል ከጫማና ከሸሚዝ አስቀድመን ይህን እንድናስብ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር ሳትሰለቹ አስታውሱን።