ከቁልቢ እስከ ገና ስላለው ጊዜ
(በሠፈራችን ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29። በመሀሉ ያለችው 10 ቀን ብቻ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተሳላሚ በእኛ በጭሮ አልፎ፣ በሂርናና በጨለንቆ አድርጎ ነው ቁልቢ የሚወጣው። ስለት ያለበት ይሄዳል፤ ቤት የቀረውም እንግዳ ሲቀበል ይሰነብታል። ወዲያው ጌሾ ይወቀጣል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ የቅርጫ ገንዘብ ይዋጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ትምህርት ቤት አልተዘጋም። ከክፍል የሚቀረው ማነው ብትሉ ሴቷ ልጅ ናት። ወንዱ ተምሮ መጥቶ ሜዳ ላይ ገና ሲጫወት፣ እሷ ጋን ስታጥን፣ ውኃ ስትቀዳ ትውላለች። ይኼ ልክ አይደለም። ጌሾው እኮ ቅዳሜ ሊወቀጥ ይችላል!

ቁልቢ የሚሄድ ወላጅ ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ይስጥ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንደ ወትሮው እሺ ብለውናል፤ እኛም በአረፋ ብድራቸውን እንመልሳለን። ታዲያ ልጆቹ «አንጾምም» ብለው ወተት ቢጠይቋችሁ እንዳታምኗቸው፤ ጾሙ እስከ ገና ዋዜማ ነው።

የቅርጫው ገንዘብ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ለገንዘብ ያዡ ይከፈል። ከዚያ ካለፈ በሬው አይቀመስም።